የብሪታንያ ጥንታዊ ታሪክና የተሸናፊዎች ድምፅ

በታሪክ ትምህርት የብሪታንያ ደሴት ጥንታዊ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ኬልቶች፣ ሮማውያንና አንግሎ ሳክሶኖች በሚሉ ሦስት አርእስት ተከፍሎ ነው። ተማሪውም «አንዱ መጣ፣ ነባሩን አሸነፈ፣ በስፍራውም ተተካ» የሚለውን ቅደም ተከተል በቃሉ ያጠናል። ይህ አቀራረብ የተሸነፈ ሕዝብ ፈጽሞ ይጠፋል የሚል እምነት ስለሚያሳድር ሊመረመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኬልት ቋንቋዎች ይናገሩ የነበሩት ነገዶች ያርሱ፣ ብረት ያቀልጡ፣ በኮረብታ ላይም ምሽግ ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ራሳቸው ጽፈው ያቆዩት ታሪክ የለም። ስለ እነርሱ ከሚገኙት ቀደምት ጽሑፎች ዋነኛው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 እና በ54 በደሴቲቱ ላይ የዘመተው የዩልየስ ቄሣር ዘገባ ነው። እንግዲህ ምስክሩ ራሱ ወራሪው መሆኑ ነው።

ሮማውያን በ43 በንጉሠ ነገሥት ክላውድዮስ ዘመን ተመልሰው፣ አብዛኛውን የደሴቲቱን ክፍል እስከ 410 ገደማ ገዝተዋል። የአይሴኒ ነገድ ንግሥት ቡዲካ በ60 ወይም በ61 ባስነሣችው ዐመፅ ሎንዶን ተቃጥላለች፤ ታሪኳን የጻፉት ግን ታሲተስና ካሲየስ ዲዮ የተባሉት የሮም መንግሥት ሰዎች ናቸው። «ሮማውያን» የሚለው ስምም ቢሆን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በ122 መሠራት በጀመረውና ወደ 117 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሀድርያን ግንብ አቅራቢያ፣ ቪንዶላንዳ በተባለው ምሽግ ከ1973 ጀምሮ የተገኙት የእንጨት ሰሌዳ ጽሑፎች እንደሚያስረዱት፣ በዚያ ከሰፈሩት ወታደሮች ብዙዎቹ ዛሬ ሆላንድና ቤልጅግ ከሚባሉት አገሮች የተመለመሉ ነበሩ።

ከአምስተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ከሰሜን ጀርመንና ከዴንማርክ አካባቢ ስለ መጡት አንግሎ ሳክሶኖች፣ ጊልዳስ የተባለው የነባሩ ሕዝብ መነኩሴ እልቂትንና ስደትን ጽፏል። በ731 መጽሐፉን የፈጸመው ቤዳ ደግሞ ከመጤዎቹ ወገን ነበር። በ2022 የታተመ የጥንት ዐፅሞች የዘር ጥናት እንዳመለከተው፣ በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ በጥንቱ የመካከለኛ ዘመን የኖሩት ሰዎች የዘር ሐረግ እስከ 76 በመቶ የሚደርሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ፍልሰቱ ታላቅ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። ሆኖም በእነዚያው የመቃብር ስፍራዎች የነባሩ ሕዝብ ተወላጆችና ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ሰዎች አብረው ተቀብረው ተገኝተዋል።

ይህን መደራረብ ተማሪው በካርታ ላይ ሊያነበው ይችላል። አቨን የተባሉት ወንዞች ስም በኬልት ቋንቋ «ወንዝ» ማለት ነው። የማንቸስተርና የዊንቸስተር መድረሻ «የጦር ሰፈር» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ የበርሚንግሃም መድረሻ ደግሞ በአንግሎ ሳክሶን ቋንቋ «መኖሪያ» ማለት ነው። ዌልስ የሚለው ስም «ባዕዳን» ከሚል የአንግሎ ሳክሶን ቃል መገኘቱ በተለይ ሊጤን ይገባል፤ ነባሩ ሕዝብ በገዛ ደሴቱ ባዕድ ተብሏልና። ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ ይነገራል።

ስለዚህ መምህራን ይህን ምዕራፍ ሲያስተምሩ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድሙ መልካም ነው፦ ይህን የጻፈው ማን ነው? ከድርጊቱ ስንት ዓመት በኋላ ጻፈው? ካልጻፈው ወገንስ በመሬት ውስጥ፣ በቦታ ስምና በቋንቋ ምን ቀርቷል? የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ከዘመን ሰንጠረዡ ጎን አንድ የቦታ ስሞች ካርታ ቢጨምሩ፣ ተማሪው ሦስቱን ጥያቄዎች ራሱ ለመመለስ ይችላል።