ከጎንደር እስከ አሽዶድ ያለው ርቀት

ከቦሌ ተነስቶ ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ጣቢያ እስኪያርፍ ድረስ መንገደኛ በአየር የሚጓዘው 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ የእስራኤል ከተማ ወደሆነችው አሽዶድ ለመግባት አጭር የመኪና ጉዞ ይበቃል። የዚህ መንገድ ታሪክ ሲመረመር ግን ርቀቱን ያራዘመውም ያሳጠረውም ከሁሉ በላይ የመንግሥታት ፈቃድ እንደሆነ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1862 የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) መነኩሴ አባ ማሃሪ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሱ። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጀ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ ወደየቀያቸው ተመለሱ። ያኔ የከለከለው በእርግጥ የመንገዱ ክብደት ነበር። ከ120 ዓመት በኋላ፣ ጄት በየአህጉሩ በሚመላለስበት ዘመን፣ የጎንደር ቤተ እስራኤል ገበሬ ልጆቹን አዝሎ በሌሊት ወደ ሱዳን መጓዙ ግን በመንገዱ ክብደት ብቻ አይገለጽም። ኢትዮጵያ በ1973 ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ ነበር፤ ደርግም ሰው እንደልቡ እንዲወጣ አይፈቅድም ነበር። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

መንገዱን ያሳጠረው የአውሮፕላን ጥበብ ነው የሚል ይኖራል። ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው ዘመቻ ሙሴ ግን ይህን አይደግፍም። ከካርቱም እስራኤል በቀጥታ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሱዳንና እስራኤል በጠላትነት ይተያዩ ስለነበር በ1984 መጨረሻ በረራው በብራስልስ በኩል ዞረ፤ መንገዱም ከአራት እጥፍ በላይ ረዘመ። ወሬው ይፋ ሲወጣ በጃንዋሪ 1985 ሱዳን አቋረጠችው፤ አውሮፕላኑ እያለ መንገዱ ተዘጋ። በሜይ 1991 ደግሞ መንግሥቱ ኃይለማርያም ከሸሹ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በአሜሪካ ሸምጋይነትና በ35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ክፍያ በተገኘ ፈቃድ በረራው ከአዲስ አበባ ተጀመረ። ከ36 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው ወጣ፤ አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1,000 በላይ አሳፈረ። ይህ ዓይነት አውሮፕላን በ1984ም ነበር፤ በመካከሉ የተለወጠው ፈቃዱ ነው።

በሩን የዘጉት አዲስ አበባና ካርቱም ብቻ ናቸው ማለትም እውነቱን ያጎድላል። እስራኤል አይሁድ ገብተው እንዲኖሩባት የሚፈቅደውን የመመለስ ሕግ ያወጣችው በ1950 ነው። የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የበየኑት በ1973፣ መንግሥት ሕጉ እነሱንም እንደሚያካትት የተቀበለው በ1975 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል መንገዱ ከወዲያም የተዘጋ ነበር ማለት ነው። ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ፣ ዘመዶቻቸው እስራኤል ያሉ ቤተሰቦች ለዓመታት ተራ ይጠብቃሉ፤ ትኬት የሚሸጥበት በረራ እያለ። ስለዚህ በአሽዶድ ለሚያድግ ልጅ የአያቶቹ ታሪክ የጽናት ታሪክ ብቻ ተብሎ መነገር የለበትም። ማን በሩን እንደዘጋ፣ ማን እንደከፈተና መዘግየቱ ስንት ነፍስ እንዳስከፈለም ሊማር ይገባል፤ የተጠያቂነት ትምህርት የሚገኘው ከዚያ ነውና።