ታንኳውን ማን ሠራው? የጣና ደንገልና የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች



«የመንዝ ልጅ ስለ ታንኳ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መሐል ሜዳ ሐይቅ የላትም። ነገር ግን የጓሳ ሣር ገመድ ሲሆን፣ የቤት ክዳን ሲሆን እያየ ያደገ ሰው ሣር ጀልባም ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት አይቸገርም። ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው አባ ቄራ በሚባሉ አለቆች የሚመራ ሥርዓት ነበር። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ይወስናል፣ ያለ ጊዜው የገባውን ይቀጣል። ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ዘልቋል። ዛሬ የማወራችሁ እንዲህ ያለ ጠባቂ ስላላገኘ ሌላ ሣርና ከእርሱ ጋር ስለኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ነው።

ሣሩ ደንገል ይባላል፤ በጣና ዳር ረግረግ ላይ ይበቅላል። ቤተሰቦቹ ነገደ ወይጦ ናቸው፤ ባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ይኖራሉ። አማርኛ ይናገራሉ፤ የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቷል። ያልጠፋው የእጅ ሙያቸው ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በእስር በእስር ይጠቀለላል፣ በገመድ ተጠፍሮ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ዕቃው እንዳይርስ ከውስጥ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፋል። ምስማር የለም፣ ንድፍ የለም። ልጅ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ እያየ ይማራል። ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አያት የሠራውን ታንኳ ያየ የልጅ ልጅ የለም። የሚወረሰው እጁ ብቻ ነው። ያም ሆኖ የደሴቶቹ መነኮሳት፣ የማገዶ ነጋዴውና ዓሣ አጥማጁ ሐይቁን ሲያቋርጡ የኖሩት በዚሁ በደንገል ታንኳ ነው።

አሁን ከጣና ወደ ግብፅ ልውሰዳችሁ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉን ያገኘው ከየት መሰላችሁ? ከጣና! 12 ቶን ያህል ተጭኖ ሄደና በ1961 ዓ.ም. ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችው ጀልባ ተሠራች። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ አብዱላሂ ጅብሪን አብሮ ተጓዘ። ጀልባዋ የኋላ ክፍሏ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። በዓመቱ «ራ 2» ከጣና ደንገል ተሠራች፤ የዚህችኛዋ ሠሪዎች ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡት እነ ዴሜትሪዮ ሊማቺ ናቸው። ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የቲቲካካዎቹ ስም በዓለም ታወቀ። ሣሩ የኛ፣ ስሙ የሌላ። ሄየርዳልን መውቀሴ አይደለም፤ የቻዶቹም የቦሊቪያዎቹም ሙያ ይገባቸዋል። የሚቆረቁረኝ እኛው ራሳችን የጣናዎቹን ሠሪዎች አለማወቃችን ነው።

ከአለማወቅም የባሰ አለ። ነገደ ወይጦዎች ሙስሊም ነን ይላሉ። ይሁን እንጂ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም፣ አይጋባቸውም ነበር። አደኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ንቀቱ ግን አብሮ አልቀረም። «ወይጦ» የሚለው ቃል ብቻውን እንደ ስድብ ሲወረወር ትሰማላችሁ። እነርሱ «ነገደ ወይጦ» ተብለው መጠራት ይመርጣሉ፤ ይህን ማክበር ምንም አያስከፍልም።

ደንገሉስ? ውሃው ሲሸሽ ባዶ የቀረው ዳርቻ ታረሰ። ባሕር ዳር ስትሰፋ የሐይቁ ዳር የሆቴልና የመናፈሻ ቦታ ሆነ፤ ለእነዚህ ቤተሰቦች ግን የሥራ ቦታቸው ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ ታወቀ። መሬት በስማቸው ያልነበራቸው ሰዎች ደንገላችን ተነካ ብለው የሚከራከሩበት ካርታ የላቸውም። ጓሳ አባ ቄራ ነበረው፤ ደንገል ማን ነበረው?

ዛሬ ባሕር ዳር የሄደ ሰው በክንድ የሚታቀፉ ትናንሽ የደንገል ታንኳዎች ለጎብኚ ሲሸጡ ያገኛል። ሠሪዎቹ እነዚያው ቤተሰቦች ናቸው። አጠቃለሉም፣ አፍንጫውን መቀልበሱም ያው የጥንቱ ነው፤ ሰው አይጫንባቸውም እንጂ።