ከቶርፔዶ እስከ መጫወቻ መኪና፤ የጂሮስኮፕ ታሪክ ባጭሩ

በራዲዮ ከሩቅ የሚነዳ ትንሽ መኪና በሚያንሸራትት መሬት ላይ በፍጥነት ሲሮጥ፥ ኋላው ቢንሸራተትም ሳይሽከረከር መንገዱን ይዞ ሲሄድ ያየ ሰው፥ በውስጡ አንድ ከባድ ነገር ደግፎ የያዘው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጂሮስኮፑ የመኪናውን መዞር ለመሪው ይነግራል እንጂ መኪናውን አይደግፍም። መሣሪያው ከደጋፊነት ይልቅ በነጋሪነት እንዴት እንደ ጸና ከዚህ በታች እንመለከታለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጀርመናዊው ቦነንበርገር በ1817 ተመሳሳይ መሣሪያ ገልጾ ነበር፤ ጂሮስኮፕ የሚለውን ስም ያወጣለት ግን ፈረንሳዊው ሊቅ ሌዎን ፉኮ ነው። ፉኮ በ1852 የምድርን መዞር ለማሳየት፥ በቀለበቶች መካከል በፍጥነት የሚሽከረከር መንኰራኵር ሠራ። ቀለበቶቹ ወዴትም ቢዞሩ የመንኰራኵሩ ዛቢያ የያዘውን አቅጣጫ አይለቅም።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው የመንኰራኵሩን ጕልበት ለድጋፍ ማዋል ነው። ሉዊ ብሬናን በ1909 በእንግሊዝ አገር በጊሊንግሃም፥ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚቆም ሠረገላ ሰዎችን አሳፍሮ አሳየ። እንዳይወድቅ የጠበቁት በውስጡ የሚሽከረከሩ ከባድ መንኰራኵሮች ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠረገላ የራሱን ማሽን መሸከም ነበረበትና፥ ሥራው ቢደነቅም ለንግድ ሳይውል ቀረ።

ሁለተኛው መንገድ ትንሽ መንኰራኵር ለመሪው እንድትነግር ማድረግ ነው። ሮበርት ዋይትሄድ በ1866 የጀመረው ቶርፔዶ በውሃ ውስጥ ሲጓዝ አቅጣጫውን ይስት ነበር። በ1890ዎቹ ዓመታት ሉድቪግ ኦብሪ ጂሮስኮፕ ጨመረለት፤ ቶርፔዶው በዘመመ ጊዜ መሣሪያው መሪውን አንቀሳቅሶ ይመልሰዋል። በ1914 ሎውረንስ ስፔሪ በፓሪስ አጠገብ፥ እጁን ከመሪው አንሥቶ አውሮፕላኑ በጂሮስኮፕ ሚዛኑን ጠብቆ ሲበር ለሕዝብ አሳየ። ከሩቅ መንዳትም በዚያው ዘመን ተጀምሮ ነበር፤ ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ ትንሽ ጀልባ በራዲዮ ነድቷል።

የዛሬዋ መጫወቻ መኪና ሁለቱን፥ ከሩቅ ማዘዝንና ራስን ማረምን፥ አጣምራ ይዛለች። የሚሽከረከረው መንኰራኵር ግን ቀርቷል፤ በምትኩ በሲሊኮን ላይ የተቀረጸ እጅግ ትንሽ አካል ይርገበገባል። መኪናው ሲዞር ርግብግቡ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከዚህም የመዞሩ ፍጥነት ይለካል። መሣሪያው በራዲዮ ተቀባዩና መሪውን በሚያዞረው ትንሽ ሞተር መካከል ይቀመጣል። የመኪናው ኋላ ወደ ቀኝ ቢንሸራተት አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል፤ ጂሮስኮፑም ይህን ለክቶ፥ የነጂው ዐይን ከማየቱ በፊት የፊት ጎማዎቹን ወደ ቀኝ ያዞራል። የእርማቱ መጠን ከልክ ካለፈ ግን መኪናው ግራና ቀኝ ይወላገዳል፤ አቅጣጫው በተቃራኒ ከተስተካከለም ጥፋቱን ያባብሳል።

በዚህ ለውጥ የቀረ ነገርም አለ። የኦብሪ መንኰራኵር የተነሣበትን አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆይ ነበር። የመዞርን ፍጥነት ብቻ የሚለካው መሣሪያ ግን ያለፈውን አያስታውስም። ስለዚህ መኪናው ቀስ እያለ ከመንገዱ ቢወጣ ጂሮስኮፑ ዝም ይላል። ድንገተኛውን መንሸራተት ማረም የመሣሪያው፥ መድረሻውን ማወቅ ግን እንደ ቀድሞው የነጂው ሥራ ነው።