የመተማ መንገድና የአጋሰስ ዕድሜ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደር በጭልጋና በወህኒ በኩል ወደ መተማ ይወርድ የነበረው የሲራራ ንግድ፣ ማለትም ነጋዴዎች በቅፍለት ተደራጅተው የሚያካሂዱት የሩቅ አገር ንግድ፣ ትርፉ የሚወሰነው በቡናው፣ በሰሙና በዝባዱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጭነቱን በሚሸከመው አጋሰስ ዕድሜም ነበር። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ 700 ሜትር አካባቢ ወዳለው ቆላ ስለሚወርድ፣ በደጋ በደንብ ከተያዘች 20 ዓመት ልታገለግል የምትችል በቅሎ በዚያ ቆላ አንድ ክረምት ብትሰነብት በሕይወት መመለሷ ያጠራጥር ነበር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ ያኔ ራስ አል-ፊል ይባል በነበረው በዚሁ አካባቢ በኩል ወደ ሱዳኑ ሰናር ያለፈ ሲሆን፣ በመጽሐፉም ክረምት ሲገባ በጥቁሩ አፈር ላይ ስለሚፈላውና ከብት አርቢዎችን ወደ አትባራ አሸዋ ስለሚያሰድደው ዝንብ በሰፊው ጽፏል፤ ግመል እንኳ ከዚህ ዝንብ አያመልጥም። በ1854 ዓ.ም. መተማ የደረሰው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም ዐረቦቹ «ሰሩት» የሚሉትን ተናካሽ ዝንብ መዝግቧል። እንዲህ ያሉ ዝንቦች ገንዲን፣ ማለትም በደም ውስጥ በሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣውንና እንስሳን እያከሳ የሚገድለውን በሽታ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚያስተላልፉ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ነጋዴው መድኃኒት ስላልነበረው ጊዜንና ቦታን ከፈለ። የጓንግ ወንዝ ሲሞላና ዋልካው፣ ማለትም ዝናብ ሲነካው የሚያጣብቀው ጥቁር አፈር፣ እግር ሲይዝ ቅፍለቱ ይቆማል፤ በበጋም ቢሆን የደጋው በቅሎና አህያ ጭነቱን መተማ ላይ አራግፎ ሲመለስ፣ ከዚያ ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ የሚወስደው ግመል ይረከባል። ግመል የሁለት በቅሎ ያህል ቢሸከምም ድንጋያማውን ዳገትና የደጋውን ቁር አይችልም። ከዳርፉር መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ያስተዳድሩት የነበረው የመተማ ገበያ ገናና የሆነው በድንበርነቱ ነው ሲባል፣ የሁለት አጋሰሶች አቅም የሚያበቃበት ስፍራ መሆኑ የተዘነጋ ይመስላል፤ ድንበሩ በውል የተሰመረው በ1894 ዓ.ም. ሲሆን ገበያው ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚያው መተማ ላይ የወደቁበት ጦርነት ያደቀቀው ንግድ ሲያንሰራራ፣ ውሎ አድሮ የጭነት መኪና አጋሰሱን ተካው። ከጎንደር በሸሄዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው 230 ኪሎ ቮልት መስመር የኤሌክትሪክ ኃይልን በዚያው አቅጣጫ አሻገረ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከልም በባትሪ የሚሄድ ብስክሌትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለቆላውም የሚታሰብ ነገር ሆነ።

የበቅሎ ዕድሜ በዓመት ሲቆጠር፣ የባትሪ ዕድሜ የሚቆጠረው በዑደት ነው፤ ዑደት ማለት ተሞልቶ እስኪያልቅ ያለው አንድ ዙር ሲሆን፣ አቅሙ ከመነሻው 80 በመቶ በታች ሲወርድ ባትሪው እንዳረጀ ይታሰባል። ሊድ አሲድ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ጥቂት መቶ ዑደት ብቻ ሲሠራ፣ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ውዱ ከ2,000 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ገዥው ዋጋውን ለዑደቱ ቢያካፍለው ርካሹ ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ የተለካው ግን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለሊድ አሲድ በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ መተማ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪን ታልፋለች። በቅሎዋን የሚገድላት ክረምቱ ነበር፤ ባትሪውን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ቅፍለቱ በሰላም ይወርድበት የነበረው በጋ ነው፤ ቆሞ እንኳ ከሙቀቱ አያመልጥም።