ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ቫዮሊን ተጫዋች

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ያቀናበረውን ሙዚቃ በቴሌግራም ላከልኝ። ቫዮሊኑ፣ ቼሎው፣ ትራምፔቱ፣ ምን አለፋችሁ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ! «የየት አገር ኦርኬስትራ ነው የተጫወተልህ?» ብለው፣ «ቲቸር፣ እኔና ላፕቶፔ ብቻ ነን» አለኝ። ሳቅኩ፤ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። እስቲ ታሪኩን ላጫውታችሁ። (ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሜሎትሮን የሚባል ኪቦርድ ተሠራ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እውነተኛ ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ አለ። ቁልፉን ስትጫኑት ይጫወታል፤ ስምንት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ቴፑ ያልቃል!

በ1979 ደግሞ ሲድኒ ላይ ፒተር ቮግልና ኪም ራይሪ ፌርላይት የተባለውን ኮምፒውተር አወጡ። እሱም ቢሆን የሚይዘው የአንድ ሰከንድ ገደማ ድምፅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሙዚቀኛው ደነገጠ። በ1982 የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር የለንደን ቅርንጫፍ «ሲንተሳይዘር ይታገድ» እስከማለት ደረሰ። የእንጀራ ጉዳይ ነውና አይፈረድባቸውም።

ግን ድምፁ ገና ኦርኬስትራ አይመስልም ነበር። ለምን? ሰው አንድን ኖታ ሁለቴ ሲጫወት ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንለትም። ማሽኑ ግን ያንኑ ቅጂ ሲደጋግመው እንደ መትረየስ ይንጣጣል።

በ1998 ጊጋሳምፕለር የተባለው ሶፍትዌር ድምፁን በቀጥታ ከሃርድ ዲስክ እያነበበ ማጫወት ሲጀምር የቦታው ጥበት ተቃለለ። የቀረው የሰው ትዕግሥት ነበር። በ2000 ቪየና ሲምፎኒክ ላይብረሪን የመሠረተው ኸርብ ቱክማንድል ራሱ ቼሎ ተጫዋች ነው። ሙዚቀኞችን ጸጥ ያለ ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጦ እያንዳንዱን ኖታ በለሆሳስም፣ በኃይልም፣ ደጋግሞም አስቀዳቸው። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ የሚሰማውን ድምፅ እንኳ አልተወም። ዛሬ «እውነተኛ ይመስላል» የምንለው፣ መጀመሪያውኑ እውነተኛ ሰው ስለተጫወተው ነው።

ወደ ተማሪዬ ሥራ ልመለስ። መሀል ላይ ማሲንቆ ይገባል። እሱን ስሰማ ግን ጆሮዬ እንቢ አለ። «ማሲንቆ ስላጣሁ ቫዮሊኑን አጣምሜ ነው» ብሎ አመነልኝ።

አያችሁ? ሶፍትዌሩ ያልሰጡትን አይሰጥም። «ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልግ፤ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጠህ ከደጋኑ ፍትጊያ ጋር ቅዳው። የድካሙንም ክፈለው» አልኩት።

እናንተም ጋ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ የቤት ሥራው ለሁላችሁም ነው።