ድርሻና ዕዳ፦ ከሰበታ ታሪክ

የውጭ ባለሀብት ባገራችን ኩባንያ ያለው ድርሻ ይገደብ ወይስ አይገደብ? ሰበታ ሁሉንም አይታለች።

ደርግ ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. 72 ኩባንያዎችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ በ29 ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም በዚያ ዘመን የመንግሥት ሆነ። በ2004 ለእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2014 ደግሞ ዲያጆ ለፈረንሳዩ ካስቴል አሳልፎ ሸጠው። ፋብሪካው ካለበት ሳይነቃነቅ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ተቀያየረ። በ2017 የጸደቀው የባንክ ሕግ ግን ባንድ ያገር ውስጥ ባንክ የውጭዎች ድርሻ በጠቅላላው ከ49 በመቶ እንዳያልፍ ገደበ። ባንክ የሕዝብ ቁጠባ ነውና ደግ አደረገ።

ታዲያ ገደቡ ብቻውን ይበቃል? ዓለም ገና በ2002 የተከፈተውን አይካ አዲስን እንይ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ባለቤት ቱርካዊ፣ አበዳሪው ግን የኛው ልማት ባንክ ነበር። ዕዳው ሳይከፈል ቀረና በ2010ዎቹ መጀመሪያ ባንኩ ፋብሪካውን ተረከበ። ቢያተርፍ የባለቤቱ፣ ሲከስር ግን የኛ!

እንግዲህ ጓዶች፣ ከድርሻው ይልቅ ብድሩ ይገደብ። ነገ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የውጭ ፋብሪካ ሲመረቅ፣ «ባለቤቱ ማነው?» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «በማን ገንዘብ ተሠራ?» እንበል።