ሳይንቲስት ቤተ መንግሥት ሲገባ

«ፖለቲካን ለፖለቲከኞች ትተን አገር አጠፋን፤ እስቲ ደግሞ ሳይንቲስቶች ይምሩን» የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ከምሬት የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ምሬቱም ይገባኛል። በማስረጃ የሚያምን፣ ሲሳሳት የሚታረም፣ ቁጥር ሲያይ የማይደነግጥ መሪ ማን ይጠላል? ግን ነገሩ ምኞት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ተሞክሯል። ጥቂቱን እንይ። (የውጭዎቹ ዓመታት በአውሮፓውያን፣ የአገራችን በራሳችን አቆጣጠር ናቸው።)

ናፖሊዮን ቦናፓርት በኅዳር 1799 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን እንደያዘ የአገር ውስጥ ሚኒስትር አድርጎ የሾመው ፒየር ሲሞን ላፕላስን ነበር። የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ በሒሳብ የተነተነው፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ላፕላስ! ናፖሊዮን ገና ወጣት ሳለ በ1785 የመድፈኛ መኮንን ለመሆን ሲፈተን ፈታኙም እሱ ነበር። ሹመቱ የቆየው ግን ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ናፖሊዮን ኋላ በስደት ላይ ሆኖ ሲያስታውሰው፣ ላፕላስ በሒሳብ የለመደውን ጥቃቅን የመፈልፈል ጠባይ ይዞ አስተዳደር ውስጥ ገባ ብሎ ተሳልቆበታል። ይህን ምስክርነት እንዳለ አንዋጠው። በላፕላስ ወንበር ላይ የተቀመጠው የናፖሊዮን የገዛ ወንድም ሉሲየን ነውና። ደግሞም ላፕላስ እንደተባለው ፖለቲካ የማይገባው ሰው አልነበረም። በ1814 ናፖሊዮን ሲንኮታኮት «ይውረድ» ካሉት ሴናተሮች አንዱ ሆነ፤ ተመልሰው ከነገሡት ቡርቦኖችም የማርኪስነት ማዕረግ አገኘ። ሰማዩን ብቻ ሳይሆን ነፋሱንም ያነብ ነበር።

አይንስታይን በዚህ ረገድ ራሱን ያውቅ ነበር። በ1952 የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲሞቱ ቦታው ለእሱ ቀረበለት። ሟቹ ቫይዝማንም ኬሚስት ነበሩ። አይንስታይን የመለሰው፣ ዕድሜውን ያሳለፈው ከቁስ አካል ጋር እንደሆነና ከሰዎች ጋር በአግባቡ ለመሥራት ተፈጥሯዊ ችሎታውም ልምዱም እንደሌለው ነበር። ቦታው ሥልጣን አልባ የክብር ወንበር መሆኑን ልብ በሉ፤ እሱንም አልፈለገም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ግን የማርጋሬት ታቸር ታሪክ ነው። ታቸር በኦክስፎርድ ኬሚስትሪ ተምረዋል። አስተማሪያቸው ዶሮቲ ሆጅኪን ነበሩ፤ በ1964 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሴት። ከምረቃ በኋላም ታቸር በፕላስቲክና በምግብ ኩባንያዎች በኬሚስትነት ሠርተዋል። ይህ ትምህርት አንድ ቦታ ላይ ፍሬው በግልጽ ታይቷል። በ1985 የብሪታኒያ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ላይ የኦዞን ሽፋን እየሳሳ መሆኑን አስታወቁ። መጀመሪያ ላይ የለንደን መንግሥት ዳተኛ ነበር። ታቸር ግን ኬሚስትሪው የሚገባቸው መሪ ነበሩና አቋማቸውን አጠናከሩ፤ በ1989 ስለ ኦዞን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለንደን ላይ አስተናገዱ። በ1988 ስለ ምድር ሙቀት መጨመር በሮያል ሶሳይቲ የተናገሩት ንግግርም በዘመኑ ከነበሩ መሪዎች ቀድሞ የሄደ ነበር።

ይህችው ሳይንቲስት ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው እንግዲህ በ1985 የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው የክብር ዶክትሬት የከለከላቸው። የኦክስፎርድ መምህራን 738 ለ319 በሆነ ድምፅ አንሰጥም አሉ። ምክንያታቸው? መንግሥታቸው የትምህርትና የምርምር በጀት ቆርጧል የሚል ነው። ሳይንቲስት ስለነገሠ ሳይንስ ይጠቀማል ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ያስታውስ።

ከዚያ የነፍስ ወከፍ ግብሩ መጣ። ሀብታሙም ድሃውም ለአካባቢው አስተዳደር አንድ ዓይነት መጠን ይክፈል የሚል ግብር ነው። በ1989 በስኮትላንድ ተጀመረ፤ በእንግሊዝና በዌልስ የሚጀመረው በዓመቱ ነበር። ሕጉ ለሁሉም ቀድሞ የጸደቀ ቢሆንም፣ በአጋጣሚ አንድ ኬሚስት የሚመኘው ዓይነት ሙከራ ተገኘ፤ አንዱ ቦታ ላይ ይታያል፣ ሌላው ይጠብቃል። ስኮትላንድ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንከፍልም አሉ። ውጤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ታቸር ግን ቀጠሉ። በመጋቢት 1990 መጨረሻ የለንደን መሐል በረብሻ ታመሰ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የራሳቸው ፓርቲ አወረዳቸው። ላወረዳቸው ጠብ የአውሮፓ ጉዳይም ምክንያት ነበር፤ ግብሩ ግን ደጋፊዎቻቸውን አስደንግጦ ነበር።

ታዲያ ኬሚስቷ የት ሄደች? እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ «ተሳስተሻል» የሚልሽ ተፈጥሮ ነው፤ ተፈጥሮ ደግሞ ሹመት አይፈልግም፣ ቁጣሽንም አይፈራም። ካቢኔ ውስጥ ውጤቱን ይዞ የሚመጣው ከሥርሽ ያለ ሚኒስትር ነው። ታቸር በ11 ዓመት ውስጥ የሚከራከሯቸውን አንድ በአንድ አርቀው ነበር። ሳይንቲስትነት ከሰውየው ጋር እንደ ዲግሪ የሚዞር ንብረት ሳይሆን የአካባቢው ሥራ ነው፤ እኩዮች የሚያርሙት ሰው ሳይንቲስት ሆኖ ይቆያል፣ እኩያ ያጣ ሰው ግን ዲግሪው ብቻ ይቀረዋል።

አንጌላ ሜርክል የተሻለ ምሳሌ ናቸው ይባላል። በ1986 በኳንተም ኬሚስትሪ ዶክትሬት ያገኙ፣ በምሥራቅ በርሊን የሳይንስ አካዳሚ የሠሩ ሰው ናቸው። በሚያዝያ 2020 አንድ የኮሮና ታማሚ በአማካይ 1.1 ሰው ካስያዘ ሆስፒታሎች በጥቅምት፣ 1.2 ከሆነ በሐምሌ፣ 1.3 ከሆነ ገና በሰኔ እንደሚሞሉ ያለ ወረቀት ሲያስረዱ የሰማ ሁሉ ቀንቷል። እኔም ቀንቻለሁ። ነገር ግን እኚሁ ሰው በ2010 የኒውክሌር ጣቢያዎችን ዕድሜ አራዝመው፣ ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ቀልብሰዋል። በመጋቢት 2011 የጀርመን ጣቢያዎች ፊዚክስ አልተለወጠም። የተለወጠው ሕዝቡ ሊሸከመው የሚፈቅደው ስጋት ነው። ይህን ማንበብ ፖለቲካ ነው፤ ስድብ አይደለም፣ ሥራቸው ነበር። ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጀርመን በሩሲያ ጋዝ ላይ ተደግፋ 2022 ላይ ደረሰች።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሲቪል መሐንዲስ ናቸው፤ በፊንላንድ የተማሩ፣ የአርባ ምንጭን የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም በዲንነት የመሩ። በመስከረም 2005 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በየካቲት 2010 መልቀቂያ አስገቡ። በዘመናቸው አገር ካናወጡት ነገሮች የመጀመሪያው ምን ነበር? አንድ የባለሙያ ሰነድ ነው፤ የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን። ካርታ፣ መንገድ፣ የውኃ መስመር፣ የሕዝብ ብዛት ትንበያ። በ2006 ተማሪዎች ወጡ፤ በ2008 ደግሞ ተቃውሞው ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ገበሬው ይጠይቅ የነበረው መሬቴ የማን ይሆናል፣ ማንስ አማከረኝ የሚል ነበር። ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ፤ የተሰረዘው ግን ስሌቱ ውስጥ ስህተት ተገኝቶ አልነበረም።